እፍኝ ስንት ግራም ነው?

በልጅነቴ ኮሶ የሚጠጣበት ቀን በቤታችን የሚፈራ ቀን ነበር። አያቴ የደረቀውን አበባ ወቅጠው፣ በውኃ በጥብጠው፣ ለእያንዳንዳችን በእፍኛቸው መጥነው ይሰጡናል። እፍኛቸው ስንት ግራም እንደሚይዝ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ጥያቄው የመጣልኝ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርሁ በኋላ ነው።

ጥያቄው ግን ቀልድ አይደለም። ኮሶ የኮሶ ትልን እንደሚያስወጣ አያቶቻችን በሚገባ ያውቁ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያንም በመድኃኒት መዝገቦቻቸው አስገብተውታል። ሆኖም ከመጠን ያለፈ ኮሶ የዓይን ነርቭን ጎድቶ ለዕውርነት እንደሚዳርግ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። በፈውሱና በጉዳቱ መካከል ያለው የመጠን ልዩነት ብቻ ነው። መጠኑን ደግሞ እፍኝ አይወስነውም፤ አበባው ከሴቴው ዛፍ መለቀሙ፣ መቆየቱና አዘገጃጀቱ ሁሉ ኃይሉን ይለውጡታል። (ዛሬ ለኮሶ ትል የተሻለ እንክብል ስላለ ወደ ኮሶ እንመለስ ማለቴ አይደለም።)

የባህል መድኃኒትን ከሕዝብ ጤና አገልግሎት ጋር ማቀናጀት በተነሣ ቁጥር፣ ክርክሩ «አምናለሁ» በሚሉና «አላምንም» በሚሉ ወገኖች መካከል መሆኑ ያሳዝነኛል። በቻይና የሆነውን እንመልከት። ቱ ዩዩ የተባሉት ተመራማሪ ከ1,600 ዓመታት በፊት የተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ሲያነቡ፣ ተክሉ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቅ እንጂ ይቀቀል እንደማይል አስተዋሉ። ሙቀቱ መድኃኒቱን ሳያጠፋው አይቀርም ብለው ገመቱ። ስለዚህም በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚፈላው ኤተር ቅመሙን አወጡት። ይህ አርቴሚሲኒን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ከእርሱ የተሠራውን የወባ መድኃኒት አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በጤና ጣቢያዎች ስትሰጥ ቆይታለች። ተክሉም የእኛዎቹ የጭቁኝና የአሪቲ ዘመድ ነው። እንግዲህ የዕፅዋት መድኃኒት በጤና ጣቢያችን ከገባ ቆይቷል፤ የገባው ግን በሚሊግራም ተለክቶ ነው።

«የባህል ሐኪሞች ምሥጢራቸውን አይናገሩም» የሚል ወቀሳ ይሰማል። እኔ አልፈርድባቸውም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው ለቢልሃርዚያ መከላከያ የሚሆን ግኝት አበረከቱ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንዶድን በሌላ የውኃ ተባይ ላይ ለመጠቀም የፈጠራ መብት የተሰጠው ለአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። የዓድዋ ሴቶች ስም በዚያ ወረቀት ላይ የለም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብ ዕውቀትን ባለቤትነት ያስከብራል፤ ነገር ግን አዋጁን ለመድኃኒት አዋቂው በቋንቋው የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። መብቱ ሳይጠበቅለት ቅጠሉን አሳየኝ ማለት ግፍ ነው።

እስከዚያው ድረስ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ። ሕመምተኛው ቁጣ ስለሚፈራ ቤቱ የጠጣውን ለሐኪም ይደብቃል፤ ሐኪሙም በላዩ ላይ ሌላ መድኃኒት ያዝዛል፤ የሁለቱ መገናኘት ምን እንደሚያደርስ የሚያውቅ የለም። በካርዱ ላይ አንዲት መስመር ትጨመር፦ «ከዚህ በፊት ምን ጠጥተዋል? ምን ያህል?» ሐኪሙም ሳይቆጣ ይጠይቅ፣ መልሱንም ይጻፍ። «አንድ እፍኝ» የሚል መልስ ሲመጣ ደግሞ፣ እፍኙን የሚመዝን ሚዛን በየቤተ ሙከራችን አለ።