በገመድ የሚወጣው ደብር

የጅቡቲ ሙቀት ፀሐይ ከጠለቀችም በኋላ አይበርድም። በቅርቡ ለሥራ ወደዚያች ከተማ ወርደን ሳለ፥ አንድ ምሽት በካርቲየ 2 ከሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ቤት ለቡና ተጠርተን ሄድን። የቤቱ እመቤት በትግራይ የቢዘት ተወላጅ ናቸው፤ እንደ እኛው ትግርኛ ተናጋሪ ስለሆኑ ጨዋታው ደመቀ። ልጃቸው ግን እዚያው ጅቡቲ ተወልዶ በፈረንሳይኛ የሚማር የ15 ዓመት ጎረምሳ ነው።

ይህ ልጅ በስልኩ አንድ ፎቶግራፍ አሳየን። በሂማላያ ተራሮች መካከል፥ በሕንድ አገር በላዳክ፥ የቡድሃ መነኮሳት ገዳም በዓለት ጫፍ ላይ ተሠርቶ ይታያል። «ሳድግ ይህን አገር እጐበኛለሁ፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ አይገኝም» አለን። እናቱ ጀበናውን እንደ ያዙ ዝም አሉ።

ሩቅ አገር ለማየት መመኘቱ የሚያስመሰግን ነው፤ «አይገኝም» ማለቱን ግን ዝም ብለን ለማለፍ አልቻልንም። ስለዚህ በአድዋና በአዲግራት መካከል ስለሚገኘው ስለ ደብረ ዳሞ ነገርነው። ይህን ገዳም ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ዓመት እንደ መሠረቱት ይነገራል፤ ወደ አምባውም ዘንዶ እንዳወጣቸው ይተረካል። ዙሪያው ገደል ነውና የዛሬው ተጓዥ ወገቡን በጠፍር ታስሮ፥ በእጁም ገመድ ጨብጦ፥ 15 ሜትር ያህል ይወጣል።

ደግሞም በዚሁ ገዳም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 ከ100 የሚበልጡ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ኩሻኖች ሰሜን ሕንድን ይገዙ የነበሩ ናቸው፤ ከነገሥታታቸውም ካኒሽካ የቡድሃን ሃይማኖት በመደገፉ ስሙ የገነነ ነው። የጥንቱ የአክሱም ንግድ በአዱሊስ ወደብ በኩል እስከ ሕንድ ይደርስ ስለ ነበር፥ ልጁ ያደነቀው የሕንድ ምድርና የእናቱ አገር ጨርሶ የማይተዋወቁ አልነበሩም።

በዚህ ጊዜ እናቲቱ ተናገሩ። በልጅነታቸው ጥቅምት 14 ቀን፥ በአቡነ አረጋዊ በዓል፥ ከአምባው ሥር ቆመው ያውቃሉ፤ ሥርዓቱ ሴት እንድትወጣ አይፈቅድምና አባታቸውና ወንድሞቻቸው በገመድ ሲወጡ ከታች ሆነው ተመለከቱ። በኋላም ልጃቸውን ሊወስዱት ገንዘብ ሲያጠራቅሙ፥ በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ጉዞው አልሆነም፤ ያጠራቀሙትም ለተቸገረ ዘመድ ዋለ። «ላሳየው ሳልችል እንዳይጓጓ ብዬ ነው ያልነገርሁት» አሉን።

ልጁም «እማማ፥ ከላይ ምን አለ?» ሲል ጠየቃቸው።

«እኔ አላየሁትም፥ ልጄ። አንተ ወጥተህ ትነግረኛለህ።»

ውድ አንባቢዎቻችን፥ በተለይም ልጆቻችሁን በሰው አገር የምታሳድጉ ወገኖቻችን፥ ለማሳየት አቅም ቢያጥር ለመንገር ግን ገንዘብ አይጠየቅም። ያልተነገረው ልጅ የአገሩን ተራራ እንደሌለ ቢቈጥረው ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ተሰናብተን ስንወጣ፥ ልጁ ባቡሩ እስከ ድሬዳዋ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እናቱን ይጠይቅ ነበር።