የነጋዴ መዝገብና የብርሃን ኃይል

ነጋዴ የሚታመነው በመዝገቡ ነው። የዛሬው መዝገብ ግን ከወረቀት ተሻግሮ፣ የሸቀጡም የዕዳውም ቁጥር በብዛት በሐርድ ዲስክ ላይ፣ በጥቃቅን ማግኔቶች አቅጣጫ ተጽፎ ይኖራል። ያን አቅጣጫ የሚገለብጠው በኤሌክትሪክ የሚፈጠር የማግኔት ኃይል ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ የሚሠሩ ሊቃውንት፣ እጅግ አጭር የሌዘር ብልጭታ የኒኬልን ማግኔትነት በቅጽበት እንደሚያዳክም አሳዩ። በ2007 ደግሞ በሆላንድ አገር በናይሜኸን፣ ከጋዶሊኒየም፣ ከብረትና ከኮባልት በተሠራ ስስ ሽፋን ላይ 40 ፌምቶሴኮንድ የሚቆይ ብርሃን፣ ሌላ የማግኔት ኃይል ሳያግዘው አቅጣጫውን ገለበጠ። ፌምቶሴኮንድ ማለት አንድ ሴኮንድ ለሺህ ትሪሊዮን ሲካፈል የሚገኘው ነው። ጥበቡ ከሠመረ መዝገብ ከዛሬው እጅግ በፈጠነ ጊዜ ይጻፋል።

ዕቃው ገና ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ለገበያ ስላልቀረበ፣ ጉዳዩ ነጋዴን አይመለከትም የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ ለመማር መነሣት፣ የሻጭን ቃል ብቻ አምኖ መግዛት ነው። በቂሊንጦ የሚገኘው፣ በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለከተማው ነጋዴ ጎረቤት ነው። አስመጪዎች ለቤተ ሙከራ መሣሪያና ለተማሪዎች ድጋፍ ቢያዋጡ፣ ነገ የሚመጣውን ዕቃ መርምሮ እውነቱን የሚነግራቸው የአገር ልጅ ያገኛሉ። የራሱ ሚዛን የሌለው ነጋዴ በሰው ሚዛን ይከስራልና።