የብልቃጥ ዳኝነት

በዘመናችን አዲስ ዳኛ ተነሥቷል። ጠበቃ አይሰማም፥ ይግባኝም አይቀበልም፤ አንድ ብልቃጥ ሽንት ነው። በአሜሪካ አገር በሄሮይን ወይም በፈንታኒል ሱስ ተይዛ ሕክምና የጀመረች ነፍሰ ጡር ሽንቷ ተመርምሮ «ተገኘ» ከተባለ፥ ማንም ሳያነጋግራት ስሟ ወደ ሕፃናት ጠባቂ መሥሪያ ቤት የሚተላለፍበት ጊዜ አለ። እኔ የምቃወመው ምርመራውን አይደለም፤ አነባበቡን ነው።

ዕድሜዬን በማስተማር የጨረስሁ ሰው ነኝ። የተማሪን መልስ በቀይ ቀለም ሰርዘን፥ በኋላ ስሌቱን ስናየው ስሕተቱ የእኛ ሆኖ የተገኘበት ቀን እንዳለ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ያን ቀን ተማሪው ያጣው ሁለት ማርክ ነው። ይህች ሴት ግን የምታጣው ልጇን ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በመጀመሪያ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ጥርጣሬ ያነሣል እንጂ አያረጋግጥም። የተለመደው የኦፒየም መመርመሪያ የሚፈልገው ሞርፊንንና የቅርብ ዘመዶቹን ነው፤ ሄሮይን በሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን ስለሚለወጥ ይይዘዋል። ነገር ግን የፖፒ ተክል ዘር የተነሰነሰበት ዳቦ የበላችውንም ሊይዝ ይችላል። በዚሁ ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት ለሠራተኞች ምርመራ የወሰነውን ልክ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ300 ወደ 2000 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከፍ አደረገው። ፈንታኒልን ግን ያው መመርመሪያ አያየውም፤ ለብቻው የተሠራ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ዳቦ የበላችው ስትከሰስ፥ ገዳዩን የወሰደችው ንጹሕ ተብላ ልትሄድ ትችላለች ማለት ነው። ለነፍሰ ጡሮች የደም ግፊት የሚታዘዘው ላቤታሎልም አምፌታሚን መስሎ ሊታይ ይችላል። ከሁሉ የሚያስቀው (የሚያስለቅሰው ማለት ይሻላል) በምጥ ጊዜ በጀርባ በሚሰጠው ማደንዘዣ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፈንታኒል ይጨመራል፤ ሐኪሙ ራሱ የሰጣት ነገር በሽንቷ ተገኝቶ እርሷ ትጠየቅበታለች!

ውጤቱ በማስ ስፔክትሮሜትሪ ቢረጋገጥም እንኳ የሚነግረን ነገሩ በሰውነቷ ማለፉን ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ ፈንታኒል የወሰደች ሴት ካቆመች ከሳምንት በኋላም፥ አንዳንዴ ከዚያ ለበለጠ ጊዜ፥ በሽንቷ ይገኝባታል። ይህን የማያውቅ ሰው «ተመልሳ ወሰደች» ይላታል። ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን መገኘቱማ ሊያስደስት ይገባ ነበር፤ መድኃኒቷን እየወሰደች ነውና።

«ሕፃኑስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም ስለ ሕፃኑ ነው የምናገረው። በማሳቹሴትስ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ በእነዚህ እናቶች ላይ ከልክ በላይ መውሰድ የሚያደርሰው አደጋ በእርግዝናው መጨረሻ ወራት ዝቅ ይላል፤ ከወለዱ ከ7 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ግን ከፍተኛ ይሆናል። እናት ከሐኪም መራቅ የማይገባት በዚያ ወራት ነው። ብልቃጡን በመፍራት የቀረች እናት ብትሞት፥ ሕፃኑን ማን ጠበቀው እንላለን?

ደግሞም ፍርዱ እኩል አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የፍሎሪዳ ጥናት በፒኔላስ አውራጃ የነጮችና የጥቁሮች ነፍሰ ጡሮች የሽንት ውጤት ተቀራራቢ መሆኑን አገኘ፤ ለባለ ሥልጣን የተጠቆሙት ጥቁሮቹ ግን ወደ ዐሥር እጥፍ ይሆኑ ነበር። ሽንቱ አላዳላም፤ ያነበበው ሰው አዳላ።

የአሜሪካ የማኅፀንና የጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ምርመራው በእናቲቱ ፈቃድ እንዲሆን፥ አስቀድሞም በቃል እንድትጠየቅ ይመክራል። በዚያ አገር የምትኖር እኅት ያላችሁ አንባቢዎቼ፥ እንግሊዝኛውን በደንብ የማታውቅ ከሆነ ወረቀቱን ከመፈረሟ በፊት አስተርጓሚ እንድትጠይቅ ንገሯት። ሽንቷን ከመስጠቷ በፊትም የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ በስሙ ታስመዝግብ፤ ውጤቱ «ተገኘ» ከተባለም በሁለተኛው ምርመራ ተረጋግጦ እንደ ሆነ ትጠይቅ።