መጽሐፍን በ«ምን ያስተምራል?» መመዘን ይብቃ

በመጽሐፍ ምረቃ መድረክ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋና «ለትውልዱ ትልቅ ትምህርት የሚሰጥ ሥራ ነው» የሚለው ነው። ልብ ወለድ ይዞ የታየ ሰውም መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ያስተምራል?» ተብሎ ነው። ጥያቄው ቅን ይመስላል። እኔ ግን አንባቢውንም ደራሲውንም ክፉኛ የጎዳ ልማድ ነው እላለሁ።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንይ። ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ «የፊውዳሉን ሥርዓት ግፍ ያሳያል» ብሎ ይመልሳል። እውነት ነው፤ ለዚህ ለዚህማ አንድ አንቀጽ ይበቃ ነበር። ታዲያ ሐዲስ ዓለማየሁ ገና ዋናው ገጸ ባሕርይ በዛብህ ሳይወለድ የማንኩሳዎቹን ወላጆቹን የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ነገር እንዲያ አስፍተው ለምን ተረኩት? ባሎቿ እየሞቱባት «ገፊ» የተባለችው ውድነሽ፣ ደግሞ ሰው እወዳለሁ ብላ ያንንም እንዳትገድለው መፍራቷ የየትኛው ሥርዓት ግፍ ነው? ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎቻቸው ላይ ዘምተው በእነ አበጀ በለው እጅ ሲወድቁም ውስጤ የሚቀረው የጭቁኖች ድል አይደለም፤ የዚያ ሽማግሌ ኩራት ነው። ያስቃል፣ ያናድዳል፣ መልሶ ደግሞ ያሳዝናል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬድዮ ሲተርከው አገር ጆሮውን የሰጠው ስለ ባላባትና ጭሰኛ ሊማር አልነበረም። የፊታውራሪው ልጅ ሰብለ ወንጌል ምን ይገጥማት ይሆን ብሎ ልቡ ተሰቅሎ ነው። እንዲያውም መጽሐፉ የሚላላብኝ ሥርዓቱን የሚነቅፈው ጉዱ ካሳ ንግግሩን ሲያስረዝም ነው፤ ተማሪ ለፈተና ብሎ የሚይዘው ደግሞ በትክክል እነዚያን ገጾች።

በዚህ ሚዛን ክፉኛ የተበደለው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ይመስለኛል። በ1962 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ «ከባድ ነው፣ ምን ሊል እንደፈለገ አይገባም» እየተባለ ስንት አንባቢ ገና ከጅምሩ ዘግቶታል። አደፍርስ የተማረ ወጣት ነው፤ ሲከራከር የሚረታ ይመስላል። ወዲያው የወይዘሮ አሰጋሽ ዓለም፣ ከነእምነቱና ከነሙግቱ፣ የራሱን ክብደት ይዞ ይቆምበታል። ዳኛቸው ማን ልክ እንደሆነ አይነግረንም። እያንዳንዱን በገዛ አፉ ያናግረውና ፍርዱን ለእኛ ይተውልናል። ትምህርት ተበጥሮ እንዲቀርብለት የለመደ አንባቢ ይህን እንደ ጉድለት ቆጠረው። ለእኔ እስካሁን በአማርኛ ካነበብኳቸው ልብ ወለዶች የሚበልጠው የለም።

ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርም በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የተወገዘው በዚሁ ጥያቄ ነው። የአዲስ አበባውን የውቤ በረሃ ሴተኛ አዳሪዎች ሲስቁ፣ ሲጣሉ፣ ሲያዝኑ አሳየን እንጂ ንስሐ አላስገባቸውም። «ከዚህ ምን ይገኛል?» የሚሉ ሰዎች ሴቶቹን ቀርበው ለማየት እንኳ ፈቃደኛ አልነበሩም።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የደረሰበት ደግሞ ከዚህ ይለያል። መጽሐፉ ታግዶ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ስለጠፋ፣ ብዙዎቻችን የምናነበው እንደ ምስክር ቃል ነው። ምስክርነቱን አልንቅም፤ ሰው ሕይወቱን ከፍሎበታል። ነገር ግን ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ አስመራ ላይ በፊያሜታ ፍቅር ሲወድቅ፣ የሚያገለግለው ዘመቻና የገዛ ልቡ እንዴት እንደሚጣሉበት ልብ የሚል ስንቱ ነው? የትኛው ባለሥልጣን የትኛው ገጸ ባሕርይ ነው እያልን ስንገምት ደራሲውን ረሳነው።

በተቃራኒው መልእክቱ ስለተወደደለት ብቻ የሚካብ መጽሐፍ አለ። የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ፍጥነቱን ወድጄለታለሁ፤ ወጣቱን ወደ ንባብ መልሷል ቢባልም አልቃወምም። ገጸ ባሕርያቱ ግን አገር ወዳድነታቸውን ከማወጅ አልፈው ሰው አልሆኑልኝም። ይህን ሳነሳ የሚሰጠኝ መልስ «ዓላማው ግን ጥሩ ነው» የሚል ነው። ዓላማ የደካማ ገጽ መሸፈኛ የሚሆነው እንዲህ ነው። ደራሲውም ይህን አይቶ ገጸ ባሕርዩን ሰው በማድረግ ፈንታ ሰባኪ ያደርገዋል። የመጽሐፍ አዟሪዎች ክምርም በስኬትና በሥነ ልቦና መጻሕፍት ቢሞላ አይገርመኝም፤ ትምህርት ብቻ ለሚፈልግ ሰው በልብ ወለድ በኩል መዞር ምን ያደርግለታል?

የሚቃወመኝ ሰው ከበደ ሚካኤልን እንደሚጠራብኝ አውቃለሁ። የግጥም መጽሐፋቸው «ታሪክና ምሳሌ» ከዳር እስከ ዳር ምክር ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ይሁን እንጂ ያን መጽሐፍ ስንቱ በቃሉ የያዘው በቤት አመታቱና በምሳሌዎቹ ውበት ነው። ያንኑ ምክር ግጥሙን አፍርሳችሁ በስድ ንባብ ለአንድ ልጅ ብትሰጡት በማግስቱ አያስታውሰውም።