ሐይቅ ተሻግሮ ሐኪም መሻት

የችሎት ነገር በቀጠሮ ይተላለፋል፤ ደዌ ግን ቀጠሮ አይቀበልም። ይልቁንም ከባሕር ዳር ሐኪም ቤት ጣና ለሚለያቸው ለደቅ ደሴት ሰዎች ነገሩ ይብሳል፤ የደንገል ታንኳ ዝግ ብላ ትሄዳለችና፤ ማዕበልም ሲነሣ መሻገር ያስፈራል።

ስለዚህ ከደብረ ማርቆስ ደሴቶቹን ለመሳለም የሚወርድ ሰው ከስንቁ ጋራ መድኃኒቱንም ይቋጥር። ሕፃን ተቅማጥ ቢይዘው፥ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ልክ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ፥ ጥቂት በጥቂት እያጠጡ መሻገር ይገባል፤ የሚገድለው የሰውነት ውኃ ማለቅ ነውና። ይህም መንገድ ማቆያ ነው እንጂ ሐኪምን አይተካም።

ነፍሰ ጡርም ምጥ እስኪይዛት አትጠብቅ፤ ቀኗ ሳይደርስ ተሻግራ በሐኪም ቤት አጠገብ ትቀመጥ።