የሚስኮል ዜጎች

በሀገራችን ድሃ በነጻ ስልክ የሚደውልበት አንድ የታወቀ መንገድ አለ፤ ሚስኮል። አንዴ ጮሆ ከተዘጋ «ደውይልኝ»፣ ሁለቴ ከጮኸ «ደርሻለሁ፣ በር ክፈቺ»። ይህን ዘዴ የቀየሰ ሚኒስቴር የለም፣ በጀት የመደበለት ለጋሽም የለም። ሕዝቡ ራሱ ፈጠረው፣ ቴሌም በኋላ «ይደውሉልኝ» የሚል መልእክት በነጻ የሚላክበትን አገልግሎት አመጣ። እሰየው ብለናል። ግን በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ በአርባ ከመቶ ገደማ የወረደው የጥሪ ዋጋ በ2017 መጀመሪያ ተመልሶ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ለድሃው ቤተሰብ ምን ታሰበለት? ብለን የጠየቅን ብዙ አልነበርንም።

አቃቂ ቃሊቲን እንውሰድ። ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለው መንገድ በፋብሪካና በመጋዘን የተሞላ ነው። እዚህ ሠፈር የቀን ሥራ በስልክ ነው የሚገኘው። «ነገ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት መኪና ይራገፋል፣ ስምንት ሰው ይዘህ ና» ይባላል፤ ካቦው ለሚያውቃቸው ይደውላል፣ በቃ። ቁጥሯ ለረጅም ጊዜ ካርድ ሳይሞላበት ቆይቶ የተዘጋባት ሴት ያን ሥራ አታገኝም። ካርድ የሌለው ደግሞ ለካቦው ሚስኮል ያደርጋል፤ ካቦ ግን ለሚስኮል መልሶ አይደውልም!

ሌላም ጣጣ አለ። የፋይዳ ቁጥር በኤስኤምኤስ ነው የሚመጣው። ቴሌብር ከ2013 ግንቦት ወዲህ ኪስ ሆኗል፣ የመብራት ሒሳብም በስልክ ይከፈላል። ስልክ የሌላት እናት ታዲያ የጎረቤት ቁጥር ታስመዘግባለች። የይለፍ ቁጥሩ ጎረቤት ስልክ ላይ ይገባል ማለት ነው። ጎረቤት ደግ ከሆነ ደህና፤ ከተጣሉስ? «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ተብሎ ስትራቴጂ ሲጸድቅ ይህቺን ሴት ያሰባት ሰው ነበር ወይ ብለን ብንጠይቅ አይፈረድብንም።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «ላይፍላይን» የሚሉትን ነገር ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1985 በሬገን ዘመን የተጀመረ ነው። መጀመሪያ ለቤት ስልክ ነበር፣ በኋላ ሞባይልም ገባበት። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ፣ ወይም የምግብና የሕክምና ድጎማ የሚያገኝ ሰው፣ በወር 9.25 ዶላር ይደጎምለታል፤ አንዳንድ ኩባንያዎች በዚያው ብር አገልግሎቱን ነጻ ያደርጉለታል። (አንዳንዱ «የኦባማ ስልክ» እያለ ያወራል፤ ኦባማ ሥልጣን ሳይዝ የተጀመረ ነገር ነው።) እኛን የሳበን ግን ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ነው። የስልክ ኩባንያዎች ከገቢያቸው ለፈንድ ያዋጣሉ። ከመንግሥት በጀት የተከፈለው ሌላው የኢንተርኔት ድጎማ በ2024 ብሩ ሲያልቅ ቆሟል፤ በመዋጮ የሚሄደው ላይፍላይን ግን አለ።

እኛስ? የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ራሱ የሁለንተናዊ ተደራሽነት ፈንድ የሚል ሐሳብ በውስጡ አለው። ፈንድ ሲባል ግን ባለሥልጣኖቻችን ቶሎ የሚታያቸው ተራራ ላይ የቆመ ማማ ነው። ገጠሩ ማማ ይፈልጋል፣ አንከራከርም። አቃቂ ግን ማማው ከቆመ ቆይቷል፣ ሲግናሉም ሙሉ ነው፤ የጠፋው የካርድ መሙያው ብር ነው።

ነገሩ ለእኛ ሀገር እንግዳ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የመብራት ታሪፍ ሲጨምር በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ በዚያው በ27 ሳንቲሙ እንዲቆይ ተደርጎ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ለገበሬው 8028 የሚባል ነጻ የምክር መስመር ተከፍቷል። ታዲያ የከተማ ድሃ ምን በደለ?

«ዳቦ የሌለው ስልክ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አይጠፉም። ሌሊት ሥራ ጠብቆ የማያውቅ ሰው ንግግር ነው። እኛን የሚያስፈራን ሌላ ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ማን ይገባል? የኮታ ዘይትና ስኳር ማን ቤት ሲገባ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። አሜሪካም ቢሆን በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ድጎማ የሚወስዱ ተገኝተው ማጣሪያው እንደገና ተሠርቷል። ስለዚህ አዲስ ምዝገባ ባይከፈት እንመርጣለን። ወረዳዎች በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በ10 ሌሎች ከተሞች ከተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ጊዜ ጀምሮ የድሃ ቤተሰቦችን ስም ሲያጣሩ ኖረዋል፤ የጤና መድኅን መዋጮ የሚከፈልላቸውም ተለይተዋል። ያም ዝርዝር ንጹሕ ነው ብለን አንምልም፤ ግን ቢያንስ ጎረቤት አይቶት የተከራከረበት ነው።

የምንጠይቀው ቀፎ አይደለም፣ ስማርት ስልክም አይደለም። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ሲም፣ ካርድ ባይሞላበትም የማይዘጋ፣ በወር ጥቂት ደቂቃ ጥሪና ጥቂት መልእክት ያለው። ቁጥሩ በእናትየዋ ስም ቢወጣ ደግሞ ይሻላል፤ ባል ስልኩን ይዞ ከጠፋ ቤቱ ቁጥር አልባ እንዳይሆን።

ከ2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ኩባንያዎች አሉ፤ ለደንበኛ ሲሽቀዳደሙም እያየን ነው። ከሁለቱ አንዱ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ አንዲት ወረዳ መርጦ ለስድስት ወር ይሞክረው። ውጤቱን፣ ክፉም ሆነ ደግ፣ እዚሁ እንጽፈዋለን።