ስለ ባዜቃውና ስለ ብልቃጡ

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በመኝታ ክፍሎቻችንና በምግብ አዳራሹ አንድ ክርክር በርትቷል። ይኸውም «በኢንፍሉዌንዛ ክትባት ውስጥ ባዜቃ አለ፤ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ጥለውታል፤ ታዲያ ለእኛ የሚተርፈው ስለ ምንድን ነው?» የሚል ነው። የሕክምና ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ስቀው ያልፋሉ። ጠያቂዎቹ ግን ሳቁን እንደ መልስ አልቆጠሩትም። እኛም አልቆጠርነውም።

አስቀድመን እውነት የሆነውን እንመን። በአንዳንዱ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ውስጥ ባዜቃ፣ ማለት ሜርኩሪ፣ አለ። ብልቃጡ እንዳይበከል እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሚጨመረው ታይመሮሳል የተባለው ቅመም በክብደቱ ግማሽ ያህሉ ባዜቃ ነው። ለብዙ ሰው ከሚሆን ብልቃጥ የተቀዳ ግማሽ ሚሊ ሊትር ክትባት 25 ማይክሮ ግራም ያህል ባዜቃ ይይዛል። ይህን ለመሸፋፈን የሚሞክር ባለሙያ ቢኖር፣ ክትባቱን ከነቃፊዎቹ ይልቅ የሚጎዳው እርሱ ነው።

ነገር ግን ባዜቃ ሁሉ አንድ አይደለም። በጃፓን የሚናማታ ዓሣ አጥማጆችን ያሽመደመደው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1972 በኢራቅ ለዘር የተዘጋጀ እህል ጋግረው የበሉትን ገበሬዎች የፈጀው ሜቲል ሜርኩሪ ነው። ታይመሮሳል በሰውነት ውስጥ ተለውጦ የሚሆነው ኤቲል ሜርኩሪ ነው። የመጀመሪያው በደም ውስጥ ግማሽ ለመሆን አንድ ወር ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ ሁለተኛው ግን ከሳምንት አይበልጥም። ኬሚስትሪ ላልተማረው ወዳጃችን በአረቄ እናስረዳው፤ አረቄን ማወደሳችን ግን አይደለም። አረቄ ውስጥ ያለው ኤቲል አልኮል ነው፤ ሜቲል አልኮል የጠጣ ሰው ግን ዓይኑ ይጠፋል፣ ይሞታልም። የስማቸው መቀራረብ የጠባያቸውን ልዩነት አያስቀረውም።

በእርግጥ ምሳሌ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው የሚገኘው ከቆጠራ ነው። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1992 ታይመሮሳልን ከሕፃናት ክትባት አስወጣች። ኦቲዝም የሚከተለው በዚህ ቅመም ምክንያት ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ከዚያ በኋላ መቀነስ ነበረበት፤ ይልቁንም ጨመረ። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1999 ቅመሙ ከሕፃናት ክትባት እንዲወጣ ተስማማች፤ በካሊፎርኒያ የተመዘገበው ቁጥር ከዚያም በኋላ ከፍ እያለ ሄደ። በዚያ አገር የሕክምና ኢንስቲትዩት የተሰየመው ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2004 ማስረጃውን መርምሮ ግንኙነቱን አልተቀበለውም። በእኛ አስተያየት የ1999ኙ ውሳኔ ጉድለት ነበረበት። «ጉዳት አላየንም፤ ለጥንቃቄ ግን እናውጣው» ብሎ ምክንያቱን በቅጡ ሳያስረዳ ስለ ቀረ፣ ሕዝቡ ጥንቃቄውን እንደ ኑዛዜ ሰማው።

ለመሆኑ ቅመሙ ድሮ የተጨመረው ለምንድን ነው? በአውስትራሊያ ቡንደበርግ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በጥር 1928 ለ21 ሕፃናት የዲፍቴሪያ ክትባት ተሰጠ። ብልቃጡ ለብዙ ልጆች የሚሆን፣ ተደጋግሞ መርፌ የሚገባበት ነበር፤ ጀርም የሚከላከል ቅመም ግን አልነበረበትም። ባክቴሪያ ገባበትና በውስጡ ተራባ። 12 ልጆች ሞቱ። የመንግሥቱ መርማሪ ኮሚሽን ከዚያ ወዲያ ጀርም ሊያድግበት የሚችል መድኃኒት ያለ ቅመም ለተደጋጋሚ ጥቅም በሚውል ብልቃጥ እንዳይታደል አሳሰበ። ሩቅ ነው የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በጎረቤታችን በደቡብ ሱዳን፣ በካፖኤታ አካባቢ በአንዲት መንደር የሆነውን ያስብ። የኩፍኝ ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለ ሆነ ቅመም አይጨመርበትም፤ ከተበጠበጠ በስድስት ሰዓት ውስጥ መጣል አለበት። በዚያች መንደር ግን አንድ ስሪንጅ አራት ቀን ሙሉ አገለገለ፤ መድኃኒቱም በቀዝቃዛ ቦታ አልተቀመጠም። 15 ሕፃናት ሞቱ።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የአሜሪካ የክትባት አማካሪ ኮሚቴ ታይመሮሳል ያለበት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንዳይሰጥ ድምፅ ሰጠ፤ የጤና ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ ጁንየርም በሐምሌ ፈረሙበት። የቀድሞዎቹን 17 አባላት አሰናብተው ኮሚቴውን እንደ አዲስ ያዋቀሩት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። የሌሎች አገሮች የጤና ባለሥልጣኖችም ይህንኑ እንዲከተሉ ጠየቁ። ለእነርሱ አገር ነገሩ ቀላል ነበር፤ ከኢንፍሉዌንዛ ክትባታቸው ከአሥር ዘጠኙ አስቀድሞም ቅመሙ የሌለበት ነበርና። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ብልቃጥ ገዝቶ በየመንደሩ ማቀዝቀዣ መደርደር ለእነርሱ ችግር አይደለም።

ለእኛስ? ባለ አሥር መጠን የሆነው ብልቃጥ በአሥር ብልቃጥ ሲተካ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በትከሻዋ ይዛ ዳገት የምትወጣው ሣጥን ያው አንድ ነው፤ የሚከተቡት ልጆች ግን ያንሳሉ። ማቀዝቀዣው ይሞላል፤ ዋጋው ይጨምራል። ያለ ቅመም መሥራት አይቻልም ማለታችን አይደለም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 ቅመም የሌለበትን ባለ ሁለት መጠን የሳንባ ምች ክትባት ተቀብላለች፤ ይህም የሆነው ሠራተኞችን ለብቻ አሠልጥኖ፣ የተከፈተው ብልቃጥ በስድስት ሰዓት እንዲጣል አስጠንቅቆ ነው። ገንዘብና ድካም የሚጠይቀው ይህ ነው። ገንዘቡን ሳይሰጥ ቅመሙን ብቻ ጣሉ የሚለን ምክር ለጤናችን የታሰበ አይመስለንም።

«የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከሕፃናት መደበኛ ክትባታችን ውስጥ የለም፤ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚለን አይጠፋም። በ1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሰው በሺህ የረገፈበት የኅዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ኅዳር ሲታጠን ጭሱን የምንስበው ስለዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በተነሣው ወረርሽኝ ጊዜም ክትባቱ በፍጥነት ለብዙ ሰው የተዳረሰው በአመዛኙ በእነዚሁ ባለ አሥር መጠንና ባለ ቅመም ብልቃጦች ነው። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ለእኛ የሚደርሰን ከዚያው ዓይነት እንደሚሆን አንጠራጠርም። ያን ጊዜ እናቶች ከጤና ጣቢያው ደጃፍ የሚመለሱት ዛሬ በምግብ አዳራሹ በምንነዛው ወሬ ከሆነ፣ ተጠያቂዎቹ እኛው ነን።

ስለዚህ «ሳይንስ ብሏልና ዝም በሉ» የሚሉትንም፣ «ፈረንጅ ሊጨርሰን ነው» የሚሉትንም በአንድነት ወደዚህ ገጽ እንጠራቸዋለን። የሕክምናና የፋርማሲ መምህራኖቻችን ከላይ የጻፍነውን ቢያርሙልን ወይም ቢያሟሉልን በደስታ እንቀበላለን። ለሚቀጥለው እትም ሁለት ገጽ ለይተናል። ጽሑፋችሁን እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሣጥን ውስጥ ጣሉልን። የተፈረመበትንም ያልተፈረመበትንም እናትማለን፤ ስድብ ግን ወረቀትና ቀለም ስለሚያባክን አናትምም።